ይድረስ ለወዳጄ፣ ድሬዳዋ

እንዴት ከርመሃል? አቦ፣ ጠፍቼብሃለሁ። ሰበብ ብደረድር ስለማታምነኝ ይቅር በለኝና በቀጥታ ወደ ላክህልኝ የመድረክና የደረጃ መቀመጫ ንድፍ ልግባ።

ወረቀቱ ላይ «አምፊቲያትር» ብለሃል። ቃሉ የግሪክ ነው፤ «ዙሪያውን ሆነው የሚያዩበት» እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ80 የተመረቀው የሮማ ኮሎሲየም ዋናው ነው፦ መሃሉ ሞላላ ሜዳ፣ ሕዝቡ ዙሪያውን፤ ለግላዲያተር ፍልሚያና ለአውሬ አደን የተሠራ። «አሬና» የሚባለው ሜዳም ትርጉሙ አሸዋ ነው፤ ደም እንዲመጥ ይነሰነስበት ነበር። አቀማመጡ እንደኛ ሐረር ቤት ነደባ (ደረጃ ደረጃ ያለው መቀመጫ) በማዕረግ ነው፤ ሹማምንቱ ታች ከሜዳው ዳር፣ ድሃው ላይኛው ጫፍ። ያንተ ግን ግማሽ ክብ ነው። ድራማና ንግግር ከአንድ ወገን ስለሚታይ የግሪኮቹ ቲያትር ዘር ነው። ዛሬ ሁሉም ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራል፤ ስሙ ባለበት ይሁን።

መቀመጫውን 45 ሳንቲ ከፍታ፣ 90 ሳንቲ ወርድ ስጠው። በ60 ከሠራኸው የኋለኛው ሰው ጉልበት የፊተኛውን ጀርባ ይወጋል። መተላለፊያው ላይ እያንዳንዱን ረድፍ ለ3 ክፈለው፤ 15 ሳንቲ ከፍታ፣ 30 ሳንቲ መርገጫ። ሰው የሚወድቀው 45ቱን በአንዴ ልውረድ ሲል ነው። የመጀመሪያው ረድፍ ከመሃል 6 ሜትር ቢርቅ ግማሽ ክቡ 19 ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ሁለት የ1 ሜትር መተላለፊያ ቀንስለትና ለሰው 50 ሳንቲ ስትሰጥ 33 ሰው ይይዛል።

ዋናው ጠላትህ ውሃ ነው። የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ አይተሃል። ከላይኛው ረድፍ ጀርባ ጎርፉን የሚያዞር ቦይ ከሌለ፣ ውሃው ከመቀመጫው ሥር ገብቶ አፈሩን ይበላል፤ ድንጋዩ ለዓይን ደህና መስሎ ቀስ እያለ ወደ ፊት ያጋድላል። ሠራተኞቹ የሙሌቱን አፈር በየ20 ሳንቲው ውሃ እያርከፈከፉ ይጠቅጥቁት፤ በአንዴ ገልብጠው ከደለደሉት ክረምት ሲገባ ይሰምጥና ግንቡ ይሰነጠቃል። እያንዳንዱ መቀመጫ ወደ ፊት 1 ሳንቲ ተኩል ይዘቅዝቅ። መድረኩ ግርጌም መውጫ ያለው ቦይ ይኑር፤ አለዚያ ኩሬ ሠራህ ማለት ነው።

ተመልካቹን ወደ ሰሜን አዙረው፤ የአመሻሹ ፀሐይ በጎን ይሆንለታል። ያም ሆኖ የድሬ ድንጋይ እስኪመሽ እንደ ምጣድ ነው፤ ከላይኛው ረድፍ ጀርባ ኒም ትከል፣ ሥሩ ግንቡን እንዳይፈነቅል ግን ራቅ አድርገህ።

የቦታውን ተዳፋት ለክተህ ላክልኝ። 10 ረድፍ ማለት 4 ሜትር ተኩል ከፍታ ነው፤ መሬቱ ያን ካልሰጠህ ረድፍ እንቀንሳለን።