«ዋጋውን ዝቅ አድርጉት» ያለው ዘገባችሁ ማረሚያ ይፈልጋል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አሮጌ መኪኖች መድን ያወጣችሁትን ዘገባ እንደ ብዙው አንባቢ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። መድን ሰጪዎች ተናግረውበታል፣ መኪና ሻጮች ተናግረውበታል። ከአሮጌ መኪና ጋር ውለው የሚያድሩ ባለቤቶችና መካኒኮች ግን አንድ ቃል አልተነፈሱበትም። ይህን እንኳ ለምደነዋል፤ ስለ እኛ ሲወራ እኛ አንጠራም። ላልፋት ያልቻልኩት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፦ «የመኪናው ዋጋ ዝቅ ብሎ ቢመዘገብ አረቦኑም ስለሚቀንስ ባለቤቱ ይጠቀማል።» ዘጋቢያችሁ ይህችን ምክር በደማቅ ፊደል ጽፎ ለብቻዋ ሳጥን ሠርቶላታል። ሳጥኗ ታምራለች። ምክሯ ታከስራለች።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። መኪናው በገበያ 100 ያወጣል እንበል፤ የየትኛውም አገር ገንዘብ ይሁን። ባለቤቱ ምክራችሁን ሰምቶ 60 ብሎ አስመዘገበ። አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ በየዓመቱ የሚከፈለው ገንዘብ፣ ከመቶ 2 ቢሆን፣ 2 መክፈል ሲገባው 1.20 ከፈለና በዓመት 0.80 ቆጠበ። ይህም ለገዛ መኪናው ከሚገባው ሽፋን ላይ ብቻ ነው፤ የሦስተኛ ወገኑ ክፍያ በመኪናው ዋጋ ስለማይሰላ ንቅንቅ አይልም። ከዚያ መኪናው ተጋጨና ጥገናው 30 ጠየቀ። ውሉ ከዋጋ በታች የተገባን መድን በተመጣጣኝ የሚቀንስ አንቀጽ ካለው፣ ገማቹ 60ን ለ100 ያካፍልና በ30 ያባዛዋል። 18 ይመጣል። ከዚያ ላይ ኤክሰስ የሚባለው የባለቤቱ ድርሻ፣ 5 ነው እንበል፣ ይነሣል። 13 እጁ ይገባል፤ የቀረውን 17 ከኪሱ ይሞላል። 100 ብሎ አስመዝግቦ ቢሆን 25 ያገኝ ነበር። ልዩነቱ 12 ነው። በዓመት 0.80 እየቆጠበ ይህን ለመተካት 15 ዓመት ያለ አንዳች አደጋ መንዳት አለበት። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ እንዲህ ነው።

«ያ አንቀጽ በእኔ ውል ውስጥ የለም» የሚል አይጠፋም። መልካም፤ ጥገናው 45 ሆነ እንበል። 100 ለሚያወጣ መኪና ይህ የሚያስጨንቅ ጥገና አይደለም። ወረቀት ላይ 60 ለሆነው ግን የዋጋው ሦስት አራተኛ ነውና፣ መድን ሰጪው «መጠገኑ አያዋጣም» ብሎ መኪናውን ጨርሶ እንደጠፋ ሊቆጥረው ይችላል። ከ60ው ላይ ኤክሰሱን ቀንሶ ይከፍልና ሳልቬጁን፣ ማለትም ከአደጋው የተረፈውን መኪና፣ ይወስዳል። ሳልቬጅ የተባለው እንግዲህ ኦሪጅናል ሞተሩ፣ ክሮም ፓራውልቱና በየትም ዞረው የማያገኙት የኋላ መስታወቱ ነው። አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት «ሳልቬጁን ባለቤቱ በቅድሚያ ያስቀራል፤ ዋጋው እንዲህ ይታሰባል» የሚል መስመር በጽሑፍ ማስገባት ያለበት ለዚህ ነው። መኪናው ከተነሣ በኋላ የሚደረግ ክርክር ልመና ነው።

ከፍ አድርጎ ማስመዝገብስ? እሱም አያድንም። የተለመደው ውል የሚከፍለው አደጋው በደረሰበት ዕለት የነበረውን የገበያ ዋጋ ነው፤ የተመዘገበው ቁጥር ጣሪያ ብቻ ነው። 150 አስመዝግቦ የ150 አረቦን ሲከፍል የኖረም 100ውን ተቀብሎ ይመለሳል። ለእኛ የሚሆነው ባለቤቱና መድን ሰጪው አስቀድመው ተስማምተው በውሉ የሚያስሩት ዋጋ ነው። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ያ ቁጥር ይከፈላል፤ ዕድሜው ተቆጥሮ አይሸረፍም። ውሉ ላይ «ባለቤቱ ያሳወቀው ዋጋ» እና «የተስማሙበት ዋጋ» ሲነበቡ መንትያ ይመስላሉ። ከመጀመሪያው ጎን «ወይም የገበያ ዋጋው፣ ከሁለቱ ያነሰው» የሚል ሐረግ ካለ፣ ስምምነት የሚባል ነገር የለም።

ስምምነቱ በባዶ እጅ አይገኝም። ፎቶ ያስፈልጋል፤ የሠርግ መኪና ይመስል ከፊት ለፊት የተነሣ አንድ ፎቶ ግን አይበቃም። አራቱም ማዕዘን፣ ወለሉ ከሥር፣ ከበሮቹ በታች ያለው ላሜራ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር፣ ኪሎሜትር ቆጣሪው፣ ኮፈኑ ተከፍቶ የሽቦው አያያዝ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ከተገኘ ንባቡን በየላሜራው መጻፍ ነው። የፋብሪካ ቀለም ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 180 ማይክሮን አካባቢ ያነባል፤ ከ1,000 ካለፈ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ፣ የተጎዳ ላሜራ መሙያው፣ አለ። መለኪያው ከሌለ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ይበቃል፤ ስቱኮው ወፍራም ከሆነበት ቦታ አይጣበቅም። የዕቃ ደረሰኞችና የገለልተኛ ገማች ደብዳቤ ይጨመሩበታል። ግምቱ በየአንድ ሁለት ዓመቱ ካልታደሰ ግን ያው ከዋጋ በታች መሆን ተመልሶ ይመጣል።

ዘገባው «አሮጌ» የሚለውን ቃል እንደ ጆንያ ተጠቅሞበታል፤ ሁሉም ገብቶበታል። ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ ይዞታው ከታሪኩ ጋር ተስማምቶ የተጠበቀውንና የዕለት መጓጓዣ ያልሆነውን ነው። በቅርጹ ብቻ የሚፈርድ ይሳሳታል፦ የመጨረሻው ቮልስ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ጠዋት ማታ ጭነት የሚያመላልሰውና በወር ሁለቴ ከጋራዥ የሚወጣው በአንድ ሚዛን ሲመዘኑ ግን አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሆናል።

አረቦን በእውነት የሚቀንሰው ይህን ልዩነት በማስረጃ በማሳየት ነው። በዓመት ለምሳሌ ከ5,000 ኪሎሜትር እንደማይበልጥ መፈረም፣ ለዕለት ሥራ ሌላ መኪና መኖሩን ማሳየት፣ የተቆለፈ ማደሪያ፣ በስም የተወሰኑ ሾፌሮች፣ ከፍ ያለ ኤክሰስ። ግን ጥንቃቄ፦ የአሮጌ መኪና የኪሎሜትር ቆጣሪ ገመድ ይበጠሳል። ቆጣሪው በቆመበት ቀን ንባቡን በፎቶ ይዞ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ያላሳወቀ፣ ኋላ ገደቡን እንዳላለፈ የሚያስረዳበት ነገር የለውም። ሞተሩ ወርዶ ለወራት የሚቆም መኪና ደግሞ የመንገድ ሽፋን ምን ያደርግለታል? ለቆመ መኪና እሳትና ስርቆትን ብቻ የሚሸፍን ውል ይጠየቅለታል፤ ወደ መንገድ ከመመለሱ በፊት ሙሉው ሽፋን ይታደሳል። ከመመለሱ በፊት እንጂ በማግሥቱ አይደለም።

ስለ እሳት ዘገባችሁ «አሮጌ መኪኖች በቀላሉ ይቃጠላሉ» ብሎ አልፏል። ለምን ይቃጠላሉ? ቮልስን እንውሰድ። በካርቡራተሩ ክዳን ላይ የነዳጅ ጎማው የሚሰካባት የነሐስ ቱቦ በግፊት የገባች እንጂ በጥርስ የታሰረች አይደለችም። ከዓመታት ሙቀትና ንዝረት በኋላ ትላላለች፤ ጎማው እንደተሰካባት ትወጣና ቤንዚኑ በጋለው ሞተር ላይ፣ ብልጭታ በማያጣው ዲስትሪቢውተር አጠገብ ይፈሳል። መፍትሔው ክዳኑ ላይ ጥርስ አውጥቶ በብሎን የምትታሰር ቱቦ መግጠም ነው። የነዳጅ ማጣሪያውም ከሞተሩ ክፍል ይውጣ። 5 ሚሊሜትር የውስጥ ስፋት ያለው የነዳጅ ጎማ በየጥቂት ዓመቱ ይቀየር፣ ሁለቱም ጫፍ በፋሼታ ይታሰር። በጨርቅ የተሸመነው ጎማ በተለይ ያታልላል፤ ስንጥቁ ከጨርቁ ሥር ስለሚደበቅ በዓይን ደህና መስሎ ያልባል። መድን በእርጅና ያለቀን ዕቃ አይተካም፤ ያ ዕቃ እሳት ሲያስነሣ ደግሞ «ባለቤቱ ተገቢውን ጥንቃቄ አድርጓል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። የጎማው ደረሰኝ ከነቀኑ በፋይል ውስጥ ያለው ሰው መልስ አለው።

እንግዲህ ያቺን ሳጥን አርሙልን፤ ማረሚያውም በዚያው በደማቁ ፊደል ይሁን። በዚያው እጃችሁ ፎቶውን ቀይሩት። ጎማ የሌለው፣ ሣር የበቀለበት መኪና ለጥፋችሁ ከሥሩ «ሙሉ ሽፋን ያስፈልገዋል» ብላችኋል። ያ መኪና ከማን ጋር ሊጋጭ ነው?

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአሮጌ መኪና ባለቤት