ሰርቨሩን ከመግዛትዎ በፊት

ክቡር ኃላፊ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የመሥሪያ ቤትዎን ስም እዚህ አልጠራም። እርስዎ ያውቁታል፤ ሐዋሳ ውስጥ ጠዋት ጠዋት በራፋችሁ ላይ የሚሰለፈው ሰውም ያውቀዋል። መስኮቱ ላይ ያለችውን ወረቀትማ በቃላችን ይዘናታል፦ «ሲስተም የለም»። መጀመሪያ በፕላስተር ነበር የተለጠፈችው። አሁን ላሚኔት ተደርጋለች። ይህን ለመጻፍ የወሰንኩትም እሱን ሳይ ነው፤ ላሚኔት የሚደረገው እኮ ሊቆይ የታሰበ ነገር ነው።

ሰሞኑን ደግሞ አዳዲስ ሰርቨሮች ለመግዛት ጨረታ እያዘጋጃችሁ እንደሆነ ሰማሁ። አይግዙ። ቢያንስ አሁን አይግዙ፣ ችግሩ እሱ አይደለም።

እንዴት አወቅህ ካሉኝ፣ ባለፈው ጥር አንድ ቀን «ና እስቲ እየው» ተብዬ ገብቼ አይቼዋለሁ። ሥራዬ ነው፤ አቶቴ አካባቢ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የሰው ሲስተም እጠግናለሁ። ያየሁትን የዚያኑ ቀን ለባለሙያዎቻችሁ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔም ወጣሁ። ለምን ምንም እንዳልተደረገ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሠራተኛውም ባለጉዳዩም የሚገባበት ሲስተም ኪክሎክ ይባላል። በምርጫው ቅሬታ የለኝም፣ እንዲያውም ጎሽ ብያለሁ። ነፃ ነው፣ የጀመረው ሬድ ሃት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ደግሞ ኩበርኔቲስ (ሰርቨር ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳና የሚቆጣጠር ሲስተም) ባለበት ፋውንዴሽን ሥር ገብቷል። ሥራው የዘበኛ ሥራ ነው። በር ላይ ቆሞ ሰውየው ማን እንደሆነ ያጣራና ማለፊያ ይሰጠዋል፤ ውስጥ ያሉት ሲስተሞች ማለፊያውን አይተው ያስተናግዱታል። ዘበኛው ከወደቀ ግን የፋይሉም የክፍያውም ሲስተም ደህና ሆኖ እያለ ማንም አይገባም። ያቺ ወረቀት እንግዲህ ዋሽታለች። ሲስተሙ አለ፣ የሌለው ዘበኛው ነው።

አሁን ጠዋት 2:30 ላይ የሚሆነውን ላስረዳዎ። ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባል። ፓስወርድ ማጣራት ለኮምፒውተር ከባድ ሥራ ነው፤ መዝገቡን የሰረቀ ሰው በቀላሉ ገምቶ እንዳይደርስበት ሆን ተብሎ ነው የከበደው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ኪክሎክ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የተፈቀደለት ስንት ነው? ግማሽ ኮር፤ ኮር ማለት የፕሮሰሰሩ አንድ የሥራ ክፍል ነው። ማሽኑ ላይ 16 ኮር አለ፣ አብዛኛው ተኝቶ ነው የሚውለው፤ ሊሚቱ፣ ማለትም የተፈቀደለት ጣሪያ፣ ግማሽ ተብሎ ስለተጻፈ ግን ከዚያ በላይ መንካት አይችልም። ጋን ሙሉ ውሃ ተቀምጦ በሲኒ እየተቀዳ ነው። እርስዎ ደግሞ ሁለተኛ ጋን ሊገዙ ነው።

የባሰው ቀጥሎ ያለው ነው። ኪክሎክን የሚያስኬድላችሁ ኩበርኔቲስ ኮንቴይነሩን፣ ማለትም ኪክሎክ የታሸገበትን ሳጥን፣ በየጊዜው «አለህ?» ይለዋል። አሠራሩን ማንም ካልቀየረው በየ10 ሰከንዱ ይጠይቃል፣ መልስ የሚጠብቀው 1 ሰከንድ ብቻ ነው፣ 3 ጊዜ ተከታትሎ መልስ ካጣ ሞቷል ብሎ ያጠፋውና እንደገና ያስነሳዋል። እናንተ ጋ ማንም አልቀየረውም። ኪክሎክ ደግሞ በፓስወርድ ተወጥሮ መልሱ ይዘገያል፤ ሰልፍ የከበበው ዘበኛ ቶሎ «አቤት» አላለም ተብሎ ይባረራል ማለት ነው። ጃቫ ስለሆነ ሲነሳም ለመንቃት ጊዜ ይፈጅበታል። ቀድመው የገቡትም ሁሉ ይወጣሉ፣ ምክንያቱም የኪክሎክ ቨርዥናችሁ ከ26 በታች ስለሆነ ማን እንደገባ የሚያውቀው ሚሞሪው ብቻ ነው። ከዚያስ? ሁሉም እንደገና ፓስወርዱን ይጽፋል፣ እንደገና ይጨናነቃል፣ እንደገና ይገደላል። እስከ 4 ሰዓት ሲሽከረከር ይቆይና ሰው ተስፋ ቆርጦ ሲበተን ይረጋጋል። እናንተም «ተስተካክሏል» ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። ምኑ ተስተካከለ? ሕዝቡ ነው የሄደው።

መፍትሔው ጥቂት መስመር ነው። ሊሚቱን ከፍ ማድረግ። «አለህ?» ባዩን ትንሽ ትዕግሥት ማስተማር፣ በተለይ ኪክሎክ ገና ሲነሳ። ፖዱን፣ ማለትም የሚሠራውን የኪክሎክ ቅጂ፣ ከአንድ ወደ ሁለት ማሳደግ፣ ያውም በተለያየ ማሽን ላይ፣ እርስ በርስ መተያየታቸውን አረጋግጦ፤ ካልተያዩ አንዱ ጋ መግባት የጀመረውን ሰው ሌላው «አላውቅህም» ይለዋል። ቀጥሎ ወደ 26 መሸጋገር፣ ከዚያ ወዲህ የገባ ሰው መዝገብ ዳታቤዝ ላይ ስለሚቀመጥ ፖዱ ቢወድቅም ሰው አይባረርም። ግን ከሁሉ በፊት የፖስትግሬስ፣ ማለትም የዳታቤዙ፣ ባክአፕ! ቨርዥኑ ሲቀየር ቴብሎቹም ይቀየራሉ፣ ያለ ባክአፕ መመለሻ የለም።

ሳልረሳው፣ ሦስቱ ሰርቨሮቻችሁ የተሰኩት አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ላይ ነው። ሦስት የሆኑት እኮ አንዱ ሲወድቅ ሁለቱ እንዲቀጥሉ ነበር። እዚህ ከተማ መብራት እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ለእርስዎ አልነግርዎትም።

ወደ ቅድሙ ልመለስ። ባለሙያዎቻችሁ ያልነኩት ስለማይችሉ አይደለም፣ መግቢያ ስለሌላቸው ነው። የክላስተሩ፣ ማለትም የሰርቨሮቹ ስብስብ፣ ሥልጣን ያለው ሲስተሙን ባቆመላችሁ ድርጅት እጅ ነው፣ ውሉ ካለቀ ደግሞ ወራት አልፎታል። ልጆቹ ይደውላሉ፣ «እሺ እናየዋለን» ይባላሉ፣ በዚያው ይቀራል። ይህ የሕዝብ ስምና ስልክ ቁጥር ያለበት ሲስተም ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ነገ አንድ ነገር ቢሾልክ ሰው መጥቶ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ፋይዳንም ልናገናኝ ነው እያላችሁ ነው አሉ። ጥሩ፣ ግን እሱም በዚሁ በር ነው የሚገባው።

ስለ ፓስወርድ አቀማመጣችሁ ያየሁትን እዚህ አልጽፍም፣ ሌባም ያነባል። በታሸገ ፖስታ አስገብቻለሁ።

እንግዲህ የምጠይቅዎ ይህን ነው። ጨረታውን ለጊዜው ያቆዩት። ለድርጅቱ ደብዳቤ ይጻፉና መግቢያውን ያስመልሱ፣ ለሁለቱ ባለሙያ ልጆቻችሁ ይስጧቸው። ባለጉዳይ በሌለበት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይፍቀዱልን፤ እኔም አብሬያቸው እቀመጣለሁ። ክፍያ አልፈልግም። ከሐይቅ ዳር ዓሣ ከመጣ ግን እምቢ አልልም።

ፖስታውን መዝገብ ቤት ሐሙስ ዕለት ተቀብለውኛል። የገቢ ቁጥር ስጡኝ ስላቸው ሲስተም የለም ብለው በእስክሪብቶ መዘገቡልኝ።