የአንድ ጣት ክፍተት

ለተከበራችሁ አዘጋጅ፣

በደብረ ብርሃን ስለሚሠሩት አዳዲስ ፎቆች ባለፈው ሳምንት ያወጣችሁትን ዘገባ አየሁት። አንዴ አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። መጀመሪያ ራሴ አነበብኩት። ቀጥሎ ደንበኛዬ ላከልኝ፣ ከሥሩ የጥያቄ ምልክት ብቻ አድርጎ። በመጨረሻ እናቴ በጎረቤት አስነብባ ደወለችልኝ። "አንተ ልጅ፣ ይሄ የናንተ ሥራ ነው እንዴ?" አለችኝ።

አዎ እማዬ፣ የኛ ሥራ ነው። ጂፕሰም ሠሪ ነኝ፣ በቀጭን የጂፕሰም ቦርድ የክፍል ግድግዳ የምሠራ።

ስለ ዕቃ መወደድ የጻፋችሁት ልክ ነው፣ ክርክር የለኝም። የኔ ጉዳይ ፎቶው ነው። ዘጋቢያችሁ አንድ የጂፕሰም ግድግዳ ጫፍ ላይ፣ ከሶሌታው፣ ማለትም ከላይኛው ፎቅ የኮንክሪት ወለል ሥር፣ ጣት የምታስገባ ክፍተት አይቶ ፎቶ አነሳ። ከዚያ ግድግዳው ጣሪያ ሳይደርስ እንደቀረ፣ ሠራተኞቹም ዕቃ ቆጥበው እንደሄዱ ጻፈ። እስቲ በሞቴ፣ ከአንድ ጣት ጂፕሰም ምን ይተርፋል? ቁራጩን ሰብስቤ ቪላ ልሠራበት ነው?

ክፍተቱን የተውነው ሆን ብለን ነው።

ሶሌታ ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል እንጂ ይጎብጣል። ላዩ ላይ ሰው ሲገባ፣ ዕቃ ሲደረደር፣ መሀሉ ወደ ታች ይወርዳል። ኮንክሪት ደግሞ ሸክሙ ባይጨመርበትም ለዓመታት ቀስ እያለ መውረዱን አይተውም። መሐንዲሶቹ ይሄን አሳምረው ያውቁታል። አገራችን አሁን የምትሠራበት የኮንክሪት ኮድ የአውሮፓውን የተከተለ ነው። በዚያ ስሌት፣ ግድግዳ ከቆመ በኋላ ሶሌታው እንዲወርድ የሚፈቀድለት ርዝመቱ ለአምስት መቶ ቢካፈል የአንዱን እጅ ያህል ነው። ከኮሎን እስከ ኮሎን (ከምሰሶ እስከ ምሰሶ) 6 ሜትር ከሆነ 12 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ያቺ ጣት የምታስገባ ክፍተት እንግዲህ ከዚህ የመጣች ናት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሶሌታው ላይ ክንፉ ረዘም ያለ ትራክ፣ ቦይ የመሰለ አግዳሚ ብረት ነው፣ በፊሸር እናስራለን። ስታዱን፣ ቦርዱን የሚሸከመውን ቋሚ ብረት፣ መሐንዲሱ ባለው ልክ 15 ወይም 20 ሚሊ ሜትር አሳጥረን እንቆርጠዋለን። ስታዱ ትራኩ ውስጥ ይገባል እንጂ እዚያ ላይ በቪቴ (በብሎን) አይመታም። ቦርዱም የሚመታው ስታዱ ላይ ብቻ ነው፣ ትራኩ ላይ አንዲት ቪቴ አናሳርፍም። ሶሌታው ሲወርድ ትራኩ አብሮት ይወርዳል፣ ስታዱ ውስጡ ይንሸራተታል። ቦርዱ ነገሩን አልሰማም። የክብሪት ቀፎን አስቡት፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ደግሞ ቤት እንደሚንቀሳቀስ ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት ማደር ይበቃል። ውርጩ ሲወርድ ቆርቆሮው "ቋ!" እያለ እንቅልፍ ይነሳል። ብረቱ ቀን በፀሐይ ተለጥጦ ማታ ሲኮማተር ነው። መሬቱም ቢሆን ዝም ብሎ የሚቀመጥ አይደለም፤ በ1953ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴና ካራቆሬ ምን እንደሆኑ ሽማግሌዎቻችን ይነግሯችኋል። ዘጋቢያችሁ ግን ጠዋት መጥቶ ማታ አዲስ አበባ ገብቷል መሰለኝ። 130 ኪሎ ሜትር ናት፣ ትደረሳለች።

የሚያናድደኝ ሌላ ነገር አለ። ከሦስት ዓመት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ሕንፃ ላይ ስሠራ ፎርማኑ መጥቶ ቀና አለ። "ይሄን ቀዳዳ ድፈነው" አለኝ። "ጋሼ፣ ሶሌታው ሲወርድ መግቢያው ነው" ብዬ ብመልስለት "አይጥ ይገባበታል" አለ። ባለቤቱም ግማሽ ግድግዳ አልገዛም አሉ። እኔም እንጀራ ነውና ስታዱን እስከ ላይ አድርሼ በቪቴ ጠረቅኩት። ቦርዱን ከሶሌታው አጋጠምኩት፣ በስቱኮ ዘጋሁት። እውነቱን ለመናገር፣ አማረ።

ከዚያ የላይኛውን ወለል አንድ ነጋዴ ተከራይቶ እስከ አፉ በካርቶን ሞላው። ሦስት ወር አልቆየም። መጀመሪያ በሩ ከላይ እየያዘ አልዘጋ አለ። ቀጥሎ ከበሩ ማዕዘን ተነስቶ ወደ ላይ የሚያዘግም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ታየ። የቪቴዎቹ ራስ ስቱኮውን እየገፋ እንደ ብጉር ወጣ። በመዳፌ ስዳብሰው ግድግዳው ሆዱን ነፍቷል። ማን ተጠራ? እኔ። የማን ክፍያ ተያዘ? የኔ። ፎርማኑ ስልክ አያነሳም።

እናንተ ደግሞ በዚያው ዘገባ ሁለተኛ ፎቶ አውጥታችሁ፣ ከሶሌታው ጋር ጥርቅም ብሎ የተዘጋውን ግድግዳ የጥሩ ሥራ ምሳሌ አደረጋችሁት! ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባል የለ?

በእርግጥ ክፍተቱ ባዶውን አይቀርም። ፎቶ ያነሳችሁት ያላለቀ ሥራ ነው። ለእሳትና ለድምፅ በሚያሰጋ ቦታ የድንጋይ ሱፍ ይጠቀጠቅበታል፣ ከዚያ አፉ በሚለጠጥ ማሸጊያ ይዘጋል። በስቱኮ አይደለም፤ ስቱኮ ደርቆ ይሰነጠቃል። ኮርኒስ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ አይታይም።

በኛ ሙያ ሌባ የለም አልልም። አለ፣ አውቀዋለሁም። ክንፉ አጭር የሆነ ትራክ አስሮ ስታዱን ጫፉ ላይ ብቻ አስነክቶ የሚሄድ አለ። እሱን መያዝ ግን ቀላል ነው። ቦርዱ ሳይመታ የስልክ መብራት አብርቶ ማየት ነው። የትራኩ ክንፍ 50 ሚሊ ሜትር፣ ክፍተቱ 20 ከሆነ፣ ስታዱ 30 ሚሊ ሜትር ውስጥ ገብቶ መታየት አለበት። ካልገባ ያኔ ጻፉ፣ እኔም አብሬ እጮኻለሁ።

ዘጋቢያችሁ ባለሀብቱን አነጋገረ። ባለሙያ በስልክ ጠየቀ። መንገደኛ ሳይቀር አናገረ። መሰላል ላይ የቆመውን ሰው ቀና ብሎ መጠየቅ አንገት ያሳምማል?

ማስተካከያ እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ደንበኛዬ የቀረችኝን ክፍያ እስካሁን አልላከም፣ ስታወጡት ሊንኩን እልክለታለሁ። ለእናቴ ራሴ አነብላታለሁ።

አንድ ጂፕሰም ሠሪ
ከደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ