የሮማን ታሪክ በጥማድ እናስተምር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የ9ኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሮማ የሚሸመድደው በአብዛኛው ስምና ዓመት ነው፤ ፈተናው ሲያልፍ ሁለቱም ይጠፋሉ። ችግር ተኮር ትምህርት፣ ማለትም ለተማሪው አስቀድሞ የሚፈታ ችግር አቅርቦ እውቀቱን በፍለጋ እንዲያገኝ የሚያደርግ ዘዴ፣ ይህን ይለውጣል ብለን እናምናለን። ሆኖም ማስታወሻ አጽፎ ሲያበቃ «በሉ ተወያዩ» ማለት ችግር ተኮር ትምህርት አይባልም፤ ክለሳ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎች ሲጀመር መጀመሪያ የቀረበላቸው በሽተኛው ነበር፤ ንድፈ ሐሳቡ የመጣው ኋላ ነው። ለታሪክም ይኸው ቅደም ተከተል ይሠራል።

የመጀመሪያው ከባድ ሥራ የጥያቄው ምርጫ ነው። «ሮማ ለምን ወደቀች?» የሚለው በጣም ሰፊ ስለሆነ ተማሪው መጽሐፉን ከመገልበጥ ሌላ መግቢያ አያገኝለትም። ለጎጃም ክፍሎች የምንመርጠው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ133 የሮማ የሕዝብ ተጠሪ የነበረው ጢባርዮስ ግራኩስ ያወጣውን የመሬት ሕግ ነው። ሕጉ ከ500 ዩጌሩም በላይ የመንግሥት መሬት የያዘ ሰው ትርፉን እንዲለቅ፣ የተለቀቀውም ለድሃ ዜጎች እንዲከፋፈል ያዝዛል። ዩጌሩም ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው፣ ሩብ ሄክታር ያህል መሬት ነው፤ የእኛው ጥማድ ማለት ነው። የቤተሰቡን ይዞታ በጥማድ የሚያውቅ ልጅ 500 ጥማድ፣ ማለትም 125 ሄክታር ገደማ፣ ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ጥያቄው ሰሌዳ ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «ሕጉ ጸድቋል፤ እናንተ መሬት አከፋፋዮች ናችሁ። የድሮው ድንበር ጠፍቷል፤ ሰነድ የሌለው ብዙ ነው። ባለ ይዞታው ወይን ተክሎበታል፣ አባቱን ቀብሮበታል፣ የሚስቱን ጥሎሽ አፍስሶበታል። ልኬታውን ከየት ትጀምራላችሁ? ወጪውን ማን ይሸፍን?» ከዚህ ውስጥ የፈጠራ ነገር የለም። ቅሬታዎቹን የመዘገበው የጥንቱ ታሪክ ጸሐፊ አፒያን ነው፤ ሴኔቱ ለአከፋፋዮቹ ድንኳን እንኳ ከልክሎ የቀን አበላቸውን 9 ኦቦል (ትናንሽ የግሪክ ሳንቲም) ብቻ እንዳደረገ ደግሞ ሌላው የጥንት ጸሐፊ ፕሉታርክ ጽፏል። ሁለቱም የጻፉት ድርጊቱ ከተፈጸመ ከ200 ዓመት በላይ ቆይተው መሆኑን ተማሪዎች ይወቁ።

60 ተማሪ ላለበት ክፍል ስድስት ስድስት ሰው ያላቸው 10 ቡድኖችና አራት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ይበቃሉ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መጽሐፍ ይዘጋል፤ ሰሌዳው «የምናውቀው»፣ «የምንገምተው»፣ «ልናጣራው የሚገባ» ተብሎ ለሦስት ይከፈላል። በሁለተኛው አራት የማስረጃ ካርዶች ይታደላሉ፦ የሕጉ ይዘት፣ የባለ ይዞታዎቹ ቅሬታ፣ ሌላው የሕዝብ ተጠሪ ኦክታቪዮስ ሕጉን ማገዱና በድምፅ ከሥልጣን መነሳቱ፣ በመጨረሻም የዜጎች ቆጠራ። በግማሽ ገጽ ከተጻፉ ለ10 ቡድን 20 ሉክ ወረቀት ይበቃል። ፎቶ ኮፒ በሌለበት ቡድኖቹ ራሳቸው በእጅ ይገልብጡት።

ብዙ ትምህርት የሚገኘው ከቆጠራው ካርድ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ164 የተመዘገቡት 337,022 ነበሩ፤ በ136 ወደ 317,933 ወረዱ፤ በ125 ግን 394,736 ደረሱ። ተማሪዎች ፈጥነው «ሕዝቡ አለቀ፣ ከዚያ ተዋለደ» ይላሉ። መምህሩ «በ11 ዓመት ከ76,000 በላይ ጎልማሳ ወንድ ይወለዳልን?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይበል። ቆጠራው ቀርቦ የተመዘገበን ወንድ ዜጋ ብቻ እንደሚያሳይ፣ መሬት የማግኘት ተስፋ ደግሞ ሰውን ወደ መዝገቡ ሊስብ እንደሚችል ራሳቸው ይደርሱበታል። እዚህ ላይ መልሱን የሚሰጥ መምህር ሙሉውን ዝግጅት ከንቱ ያደርገዋል።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ቡድኑ ውሳኔውን ይጽፋል። የሆነው ነገር የሚነገረው በአራተኛው ብቻ ነው፦ ጢባርዮስ በዚያው ዓመት ከ300 በላይ ከሚሆኑ ደጋፊዎቹ ጋር ተደብድቦ ተገደለ፤ ማከፋፈሉ ግን ቀጠለ፤ በ129 የድንበር ክርክር የመዳኘት ሥልጣን ከአከፋፋዮቹ ተወሰደ። ግድያው አስቀድሞ ከተነገረ ተማሪው «ሕጉ ስህተት ነበር» ብሎ ፍለጋውን ያቆማል።

ሥራውን ጎበዙ ብቻ እንዳይሠራው የቡድኑ አቅራቢ በመጨረሻው ሰዓት በዕጣ ይለይ። ውይይቱ በአማርኛ፣ የጽሑፍ ውሳኔው በእንግሊዝኛ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ ብቻ ተወያዩ ከተባሉ አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። ከ10 ነጥብ 4ቱ ለማስረጃ አጠቃቀም፣ 3ቱ የተቃራኒውን ወገን ክርክር በትክክል ለማቅረብ፣ 3ቱ እያንዳንዱ ተማሪ ለብቻው ለሚጽፈው አንድ አንቀጽ ቢሰጥ እንመክራለን።

ወደ ጎጃም የሚመጣው ሮማ ካለቀ በኋላ ነው። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ የእርሻ ገቢ ግብርን ለምን እንደተቃወመ፣ የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ለምን 10 ሄክታር ላይ እንደቆመ ማነጻጸር ይቻላል፤ የሮማው ሕግ የነካው የመንግሥትን መሬት ብቻ መሆኑ ግን አይዘንጋ። የ1989ኙ የመሬት ድልድል ቁስሉ ገና ያልደረቀባቸው ቤቶች አሉና «የማን መሬት ተወሰደ?» ብሎ ተማሪን በክፍል ፊት መጠየቅ ፈጽሞ አይገባም።

ርእሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ለዚህ አንድ ጥያቄ አራት ክፍለ ጊዜ እንዲፈቅዱ እንጠይቃለን። ጊዜ ካጠረ ከምዕራፉ የሚቀነሰው የቄሣሮቹ የስም ዝርዝር ይሁን።

የታሪክ መምህራን
ከደብረ ማርቆስ፣ ምሥራቅ ጎጃም