የዶሮ ቤት የምትሸጡ፣ ስፋቱን በካሬ ሜትር ጻፉልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ነው። ልጆቼን የማሳድገው ጓሮዬ ካሉት ዶሮዎች እንቁላል እየሸጥኩ ነው። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ሲደርስብን ቤታችንን ጥለን ወጣን። ስንመለስ ግቢው ውስጥ አንዲት ዶሮ አልነበረችም። ቆጡ ሳይቀር ማገዶ ሆኗል። እንደገና ለመጀመር ሁለት ዓመት እቁብ ጣልኩ።

እቁቡ ሲወጣልኝ ተገጣጣሚ የዶሮ ቤት ገዛሁ። የእንጨት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ፊት ለፊቱ በሽቦ የታጠረች ትንሽ የቀን መዋያ አለችው። የሚታሰረው በቡሎን ነው። ሻጩ «ለ15 ዶሮ ይበቃል» አለኝ። በሩም ላይ እንደዚያው ተጽፏል። ለጥንቃቄ ብዬ 12 ቄቦች ብቻ አስገባሁ። የሦስት ወር ስለነበሩ ቤቱ ሰፍቶ ታየኝ።

አምስት ወር ሲሞላቸው ነገሩ ተገለጠ። ጠዋት በሩን ስከፍት ሽታው ዓይኔን ያቃጥለኛል። የቀየርኩት ጉዝጓዝ በሁለት ቀን ይረጥባል። የእንቁላል መጣያ ሳጥኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ወለል ላይ እየጣሉ እንቁላሉን ይረግጡታል። ቀጥሎ መነካከስ ጀመሩ። አንዷ ቀይ ዶሮ ጅራቷ ሥር ላባዋ ተነቅሎ ደምታ አገኘኋት። ማዕዘን ውስጥ አንገቷን ቀብራ ቆማለች። ሌሎቹ ደሙን ባዩ ቁጥር ተመልሰው ይወጓታል። ሳነሳት ልቧ መዳፌ ላይ ይመታ ነበር። ቁስሏን አጥቤ ለብቻዋ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኳትና ሜትር ይዤ ወደ ቤቱ ተመለስኩ።

ወለሉ 1 ሜትር በ1 ሜትር ከ20 ነው። 1.2 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ባለሙያዎች ጉዝጓዝ ላይ ለምትኖር እንቁላል ጣይ የሚመክሩት በአንድ ካሬ ሜትር አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ነው። እንግዲህ ሒሳቡን ሥሩት። የገዛሁት የስድስት፣ ግፋ ቢል የሰባት ዶሮ ቤት ነው። 15 የሚባለው ለጫጩት ካልሆነ በቀር ለዶሮ አይሆንም።

ግማሾቹን እንዳልሸጥ መጣል የጀመሩት ገና ነው። ሌላ ቤት እንዳልገዛ ገንዘብ የለም። የሰፈራችን አናጢ አዛውንት ናቸው፤ ሄጄ አማከርኳቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ ተገጣጥሞ የመጣ ነገር ይፈታል» አሉኝ።

የጎኑን ግድግዳ ከነቡሎኑ ፈቱት። ግን አልጣሉትም። አንድ ሜትር ወደ ውጭ አራቁና እዚያው መልሰው የጎን ግድግዳ አደረጉት። መሐሉን በሞራሌና በጣውላ ሞሉት። አዲስ የተገዛው እንግዲህ የአንድ ሜትር ወለል፣ የፊትና የኋላ ግድግዳ፣ የአንድ ሜትር ክዳን ብቻ ነው። ወለሉ 2.2 ካሬ ሜትር ሆነ። 12ቱም ልክ ገቡበት። ቆጡን በአንድ ዶሮ አንድ ስንዝር ያህል አስበን ሁለት አጠና አጋደምን። ከቲማቲም ሳጥን ሁለት መጣያ ጨመርኩ። ለአራት አምስት ዶሮ አንድ ይበቃል።

ሁለት ቦታ ላይ ተሳስተናል። ሌላ ሰው እንዳይደግመው እነግራችኋለሁ።

አንደኛው ክዳኑ ነው። አዲሱንና አሮጌውን ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ ብቻ አነካካናቸው። የመጀመሪያው ዝናብ በመጋጠሚያው በኩል ቆጡ ላይ ወረደ። አናጢው ፈተው አንድ ስንዝር ያህል አደራረቡት፤ ከዚያ በኋላ ጠብ አላለም።

ሁለተኛው የባሰ ነው። የቀን መዋያዋን በአጥሩ በኩል 4 ሜትር በ2 ሜትር ቀጠልንላት። አሮጌው ሽቦ አዲሱን የሚገናኝበት ጋ ጡጫ የሚያስገባ ክፍተት ቀርቶ ነበር። «ነገ እናስረዋለን» አልን። በዚያው ሌሊት ሸለምጥማጥ ገባ። ሁለት ዶሮ ገደለ፤ ሁለቱም ከሚጥሉት ነበሩ። ሸለምጥማጥ አጥር ላይ ይወጣል፣ ይሾልካል፤ ስለዚህ የላይኛውም ክፍት መሆን የለበትም። አሁን ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ሽቦ ገዝተን ከላይም ከጎንም ሸፈንነው። የታችኛውን ጫፍ አንድ ስንዝር ቀብረን ድንጋይ ጫንበት፤ ቆፍሮ የሚገባም አለና። መጋጠሚያውን አሁንም ማታ ማታ በእጄ እየዳሰስኩ አያለሁ።

ስለ ብርድም አንድ ነገር ልበል። ደሴ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ጉም ያስፈራል፤ ብዙ ሰው የዶሮ ቤቱን በላስቲክ ጥፍንግ አድርጎ ይዘጋዋል። እኔም ዘግቼ ነበር። ዶሮን የሚጎዳት ግን ከብርዱ ይልቅ የታፈነው እርጥበትና ከኩሱ የሚወጣው ሽታ ነው፤ ሳንባቸውን ይይዛቸዋል። ነፋስ ቆጡ ላይ እንዳይመታቸው ግድግዳውን ደፍነን፣ ከክዳኑ ሥር አንድ ጋት የምትሆን በሽቦ የተሸፈነች ክፍተት ተውን። የዓይን ማቃጠሉ በዚያው ቀረ። እህቴ ኮምቦልቻ ናት፤ እዚያ ሙቀት ስለሆነ እሷ የላይኛውን ግማሽ ግድግዳ በሙሉ ሽቦ አድርጋዋለች።

ሁሉም ተደምሮ ወጪው ከአዲስ ቤት ዋጋ ሲሶውን አልሞላም። ዛሬ አሥሩ ዶሮዎቼ ደህና ናቸው። የቀይዋም ላባ በቅሏል። በሁዳዴ ክርስቲያን ደንበኞቼ ሲያቆሙ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ይወስዱልኛል፤ እንቁላሌ አድሮ አያውቅም።

የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ፣ የመንግሥት የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ጀምሮ፣ እንደኔ በእቁብና በብድር ዶሮ የሚጀምር ሴት በየሰፈሩ በዝቷል። ሁሉም የሚገዛው በር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምኖ ነው። ዶሮዎቹ ተነካክሰው ሲያልቁ «ዘሩ መጥፎ ነው»፣ «እጄ አይሆንም» ብሎ ይተወዋል። ቤቱን የሚለካ የለም። ስለዚህ ቤቱን የምትሠሩም የምትሸጡም፣ በሩ ላይ የዶሮ ቁጥር ከመጻፋችሁ በፊት የወለሉን ካሬ ሜትር ጻፉ። ቄብ የምታከፋፍሉም ከማስረከባችሁ በፊት ቤቱን ለኩ። ሜትር ይዞ ግቢ መግባት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ደብዳቤዬን ክረምት ከመግባቱ በፊት ብታወጡልኝ ደስ ይለኛል። ክዳን የሚቀጥል ሰው በደረቁ ወቅት ቢጨርሰው ይሻለዋል።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ዶሮ አርቢ፣ ከደሴ