104 ተብሎ በተሸጠልኝ የመስታወት ዘንግ ጉድለትና በተሰጠኝ ምላሽ ላይ የቀረበ ቅሬታ

ለመስታወት ዘንግ አቅራቢው ድርጅት
የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ በአንድ እሽግ ውስጥ የማይጣጣሙ ዘንጎች ተቀላቅለው ስለመሸጣቸውና ጥፋቱ በእኔ ላይ ስለመደረጉ

በጋዝ ነበልባል የመስታወት ዶቃ እየሠራሁ የምተዳደር የድርጅታችሁ ደንበኛ ነኝ። ከእናንተ በገዛሁት አንድ እሽግ ውስጥ በሙቀት የመስፋት ልካቸው ከሌሎቹ ጋር የማይገጥም ዘንጎች ተቀላቅለው በመገኘታቸው፣ በእነርሱ የሠራኋቸው ዶቃዎች ከተጠናቀቁ በኋላ ተሰነጣጥቀዋል። ይህንኑ ባመለከትኩ ጊዜ የደረሰኝ ምላሽ ስንጥቁ የመጣው ዶቃዎቹን በአግባቡ ስላላቀዘቀዝኩ እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። ምላሹ ስህተት መሆኑን በተደጋጋሚ ሙከራ ስላረጋገጥኩ፣ የሆነውን ሁሉ ከነማስረጃው ጽፌ ማቅረብ ግድ ሆኖብኛል።

እሽጉን የገዛሁት ለኦርጋኒክ ዶቃ የሚሆን ብላችሁ ካቀረባችኋቸው ውስጥ መርጬ ሲሆን፣ በውስጡ የዝሆን ጥርስ ቀለም ያለው፣ ቱርኩዋዝ (አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ)፣ ቡናማ እና ቀለም የሌለው ጥርት ያለ ዘንግ ነበረበት። በመለያው ወረቀት ላይ የሁሉም በሙቀት የመስፋት ልክ 104 መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። እኔም ሌላ ሳልጠይቅ ይህንኑ ቁጥር አምኜ ወደ ሥራ ገባሁ፤ አንድ ዶቃ ሠሪ ከአቅራቢው ጋር ያለው መተማመን በሙሉ ያረፈው በዚያች ቁጥር ላይ ነውና።

ኦርጋኒክ የምንለው አሠራር ዶቃው ከአፈር የወጣ ድንጋይ፣ ውኃ ያለሰለሰው ጠጠር ወይም የዛፍ ቅርፊት እንዲመስል የሚደረግበት ነው። መልኩ በብሩሽ የሚቀባ አይደለም፤ መስታወቶቹ በነበልባሉ ውስጥ ሲነካኩ ራሳቸው የሚያወጡት ነው። የዝሆን ጥርስ ቀለም ባለው መስታወት ውስጥ ድኝ፣ በቱርኩዋዙ ውስጥ ደግሞ መዳብ ስላለ ሁለቱ በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በብዕር የተሰመረ የሚመስል ጠቆር ያለ መስመር ይወጣል። በዝሆን ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለው ስስ የብር ቅጠልም ነበልባሉ ሲያገኘው ተቆራርጦ እንደ ሸረሪት ድር ይሰራጭና ቡናማና ግራጫ ሥር ይተዋል። ሁለት ዶቃ ፈጽሞ አንድ ዓይነት አይሆንም፤ ይህን ሥራ የምወደውም ስለዚሁ ነው።

ይህን መግለጼ ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ አሠራር ቀለሞቹ ከላይ የተለጠፉ ሳይሆኑ በድርብርብ የታመቁ ናቸው። ከሸክላ ቅባት ውስጥ ነክሬ ባደረቅሁት 2.4 ሚሊ ሜትር የማይዝግ ብረት ላይ መጀመሪያ የዝሆን ጥርሱን እጠቀልላለሁ፤ ብሩን አልብሼ አቀልጠዋለሁ፤ ከዚያ ቱርኩዋዙን በቀጭን ክር ስቤ ነጠብጣብ አደርግበታለሁ፤ በመጨረሻም ጥርት ባለው መስታወት እሸፍነዋለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ከሌሎቹ ጋር የማይስማማ ከሆነ ነቅሎ ማውጣት አይቻልም። ውጥረቱ እዚያው በዶቃው ሆድ ውስጥ ተቆልፎ ይቀራል።

ያን ቀን አንድ ምልክት አይቼ ነበር። ከቱርኩዋዝ ዘንጎቹ አንዱ በነበልባሉ ፊት ከወትሮው ዘግይቶ ለሰለሰ፤ ጫፉ ቀልቶ ሊንጠባጠብ ሲገባው ግትር ብሎ ቆየ፤ ክር ስስብም እጄን ይጎትተኝ ነበር። የፕሮፔኑ ግፊት እየቀነሰ መስሎኝ ነበልባሉን አስተካክዬ ቀጠልኩ። ከዝሆን ጥርሱ ጋር ሲገናኝ የሚጠበቀው ጥቁር መስመር በትክክል ስለወጣ በቀለሙም ሆነ በባሕርዩ ልጠራጠረው የምችልበት ሌላ ምክንያት አልነበረም። ከእሽጉ ወጥተው ጎን ለጎን የተቀመጡትን ቱርኩዋዞች ዛሬም በዓይን መለየት አልችልም።

በ3 ዙር በአጠቃላይ 26 ዶቃዎችን ሠራሁ። ከእነዚህ 17ቱ ቱርኩዋዙ ያለባቸው ሲሆኑ 9ኙ ከዚያው እሽግ በሌሎቹ ቀለሞች ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሁሉም በተመሳሳይ ምድጃ፣ በተመሳሳይ የሙቀት ፕሮግራም አልፈዋል። ከምድጃው ሲወጡ አንዳቸውም እንከን አልነበረባቸውም። በ3ኛው ቀን ጠዋት ግን የማሳያ ትሪውን ስከፍት የአንዱ ዶቃ ግማሽ ከሌላው ተለይቶ አገኘሁት። ስንጥቁ እንዲሁ በዘፈቀደ የሄደ አልነበረም፤ የቱርኩዋዙን ነጠብጣቦች ጠርዝ ተከትሎ፣ ጥቁሩን መስመር ሳይለቅ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዞረ ነበር የሄደው። የተሰበረውን ፊት ወደ ብርሃን ባዞርኩት ጊዜ ነጠብጣቦቹ ከነጉድጓዳቸው ተላቅቀው ይታዩ ነበር። በቀጣዮቹ 3 ሳምንታት ውስጥ ከ17ቱ 13ቱ ተሰነጠቁ። ቱርኩዋዙ ከሌለባቸው 9 ዶቃዎች ግን እስከ ዛሬ የተሰነጠቀ የለም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። የምድጃዬን የሙቀት መለኪያ በሌላ መለኪያ አመሳከርኩ፤ ልዩነት አላገኘሁም። ኦርጋኒክ ዶቃ ቅርጹ ወጣ ገባ፣ ውፍረቱም የተለያየ ስለሚሆን፣ ብዙ ጊዜ በቂ ነው የሚባለውን 30 ደቂቃ ትቼ በ515 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ 60 ደቂቃ አቆየዋለሁ፤ ከዚያም በሰዓት ከ55 ዲግሪ ባልበለጠ ፍጥነት እስከ 370 ዲግሪ አወርደዋለሁ። ምድጃውንም እስኪበርድ ድረስ አልከፍተውም። መዝገቡ በእጄ አለ፤ ቅጂውም ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል።

ከዚያ በኋላ ነው ዘንጎቹን ወደ መፈተን የሄድኩት። ሙከራው ለማንኛውም ዶቃ ሠሪ የታወቀ ነው። 104 መሆኑ በሥራ ከተረጋገጠ ጥርት ያለ ዘንግ ጥቂት፣ ከሚፈተነውም ያንኑ ያህል ወስጄ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አጣብቄ አቀለጥኩና በአንድነት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ክር ሳብኩ። ሁለቱ መስታወቶች እኩል የሚሰበሰቡ ከሆነ ክሩ ሲቀዘቅዝ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ካልሆነ ይበልጥ ወደሚሰበሰበው ይጎብጣል። ከእሽጉ ውስጥ የነበሩትን 10 የቱርኩዋዝ ዘንጎች፣ ተጠቅሜባቸው የተረፉትን ቁራጮች ጨምሮ፣ አንድ በአንድ ፈተንኳቸው። የ4ቱ ክር ቀና። የ6ቱ ክር ግን ገና ሳስቀምጠው ጀምሮ እንደ ቀስት ጎበጠ፤ የጎበጠውም ሁልጊዜ ጥርት ያለውን መስታወት ወደ ውስጥ አድርጎ ነው። ይህ የሚያሳየው እነዚህ 6 ዘንጎች ከ104 ያነሰ የመስፋት ልክ ያላቸው መሆኑን ነው። ከነበልባሉ ፊት ግትር ይል የነበረው ዘንግም ከ6ቱ አንዱ ነው።

ይህ ብቻውን አይበቃ እንደሆነ በማለት ሁለተኛ ሙከራ አደረግሁ። ጥርት ባለ 104 መስታወት ጠፍጣፋ ላይ ሦስት ቅንጣቶች አቀለጥኩ፤ አንዱ ከዝሆን ጥርሱ፣ አንዱ ክሩ ከቀናው ቱርኩዋዝ፣ አንዱ ክሩ ከጎበጠው ቱርኩዋዝ። በምድጃ በሙሉ ፕሮግራም ካቀዘቀዝኩት በኋላ ተሻግረው በተቀመጡ ሁለት የፖላራይዘር ፊልሞች (ብርሃንን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ስስ ገጾች) መካከል አድርጌ ከኋላ ብርሃን አበራሁበት። በሁለቱ ቅንጣቶች ዙሪያ ጨለማ ነበር። በሦስተኛው ዙሪያ ግን ነጭ የብርሃን ቀለበት ደመቀ፤ ይህም በመስታወቱ ውስጥ ውጥረት መኖሩን የሚያሳይ ነው። ያንኑ ጠፍጣፋ እንደገና ምድጃ ውስጥ መልሼ በ515 ዲግሪ 2 ሰዓት አቆየሁት። ሲወጣ ቀለበቱ እንዳለ ነበር።

አሁን ወደ ምላሻችሁ ልመለስ። ስንጥቁ የአኒሊንግ፣ ማለትም ዶቃውን በምድጃ ውስጥ ቀስ በቀስ የማቀዝቀዝ ሥራ፣ ጉድለት ውጤት መሆኑን፣ ዘንጎቹንም መርምራችሁ ጉድለት እንዳላገኛችሁ ጽፋችሁልኛል። ነገር ግን ከእሽጉ አንድም ዘንግ እንድልክላችሁ ሳትጠይቁኝ የትኛውን ዘንግ እንደመረመራችሁ ሊገባኝ አልቻለም። ከዚህም በላይ አኒሊንግ የሚያስወግደው አንድ መስታወት ውስጡና ውጩ እኩል ባለመቀዝቀዙ የሚመጣውን ውጥረት ነው። ሁለት መስታወቶች በተለያየ ልክ በመሰብሰባቸው የሚመጣውን ውጥረት ግን 1 ሰዓትም ይቆይ 1 ቀን ምንም ዓይነት አኒሊንግ አያነሳውም፤ ምክንያቱም ውጥረቱ የሚወለደው መስታወቱ ከረጋ በኋላ ወደ ክፍል ሙቀት ሲወርድ ነው። ይህ የመስታወት ነጋዴ ሊያውቀው የሚገባ መሠረታዊ ነገር ነው። ደግሞስ ጉድለቱ የምድጃዬ ቢሆን ኖሮ በዚያው ምድጃ፣ በዚያው ዙር ውስጥ አብረው የነበሩት 9 ዶቃዎች እንዴት ሊተርፉ ቻሉ?

የቁጥሩ ልዩነት ትንሽ ነው የሚል ሐሳብ እንዳይነሳ ጥቂት ልጨምር። 104 የሚለው ቁጥር መስታወቱ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከርዝመቱ 104 ጊዜ 1 አሥር ሚሊዮንኛ ያህል እንደሚሰፋ የሚገልጽ ነው። በገበያ በብዛት ከሚገኙት ሌሎች ለስላሳ (በዝቅተኛ ሙቀት የሚለሰልሱ) መስታወቶች አንዱ 96 ነው። ከ500 ዲግሪ ወደ 20 ዲግሪ ሲወርዱ፣ በ20 ሚሊ ሜትር ዶቃ ላይ የሁለቱ የመሰብሰብ ልዩነት ከ1 መቶኛ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። መስታወት ግን እንደ ብረት አይለጠጥም፤ ያችን ከፀጉር የቀጠነች ልዩነት ተሸክሞ ቀናት ወይም ሳምንታት ከቆየ በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የከፋው መዘግየቱ ነው። ወዲያው ቢሰበር ኪሳራው እኔ ዘንድ ይቀር ነበር።

እዚህ ላይ የሚያሳስበኝን ዋና ጉዳይ ልግለጽ። ከተሰነጠቁት ዶቃዎች አንዱ በአንገት ሐብል ላይ ተሸጦ ነበር። የገዛችው ሴት ሐብሉን አጥልቃ ሳለ ዶቃው ለሁለት ተከፈለ፤ እንደ ምላጭ የሰላ ፍንጣሪም ሹራቧ ላይ ተሰክቶ አገኘች። ቆዳዋን ስላልነካት አመሰግናለሁ። ነገር ግን ሐብሉን በጨርቅ ጠቅልላ በእጄ ስታስቀምጥልኝ የተሰማኝን ኀፍረት በቃላት ልገልጸው አልችልም። ከዚያ እሽግ የሠራኋቸውን ቱርኩዋዝ ያለባቸውን ዶቃዎች ሁሉ፣ ያልተሰነጠቁትንም ጭምር፣ ከገዙኝ ሰዎች ሰብስቤ ገንዘባቸውን መልሻለሁ። ይህን ያደረግሁት በሥራዬ ላይ እንከን ስለነበረ ሳይሆን፣ በስሜ የወጣ ነገር የማንንም አንገት እንዲቆርጥ ስለማልፈልግ ነው።

ዘንጎችን ከተለያየ ምንጭ ተቀብሎ ማሸግ ከባድ ሥራ መሆኑን፣ ስህተትም በማንኛውም ሰው ላይ ሊደርስ እንደሚችል እረዳለሁ። ለዓመታት ከእናንተ ስገዛም በዚህ ዓይነት ነገር ቅሬታ አቅርቤ አላውቅም። በመጀመሪያው ቀን ተሳስተን ሊሆን ይችላል፣ ናሙና ላኪልን ብትሉኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። በምትኩ 3 ሳምንት ሙሉ እጄን እንድጠራጠር አደረጋችሁኝ። ይህን ሥራ በቅርቡ የጀመረ፣ ክር ስቦ መፈተንን ገና ያልተማረ ሰው ይህንኑ እሽግ ገዝቶ ይህንኑ መልስ ቢያገኝ፣ ጥፋቱ የራሱ መስሎት ሥራውን እርግፍ አድርጎ ሊተወው ይችላል።

ስለዚህ የእሽጉ ሙሉ ዋጋና የመላኪያ ወጪው እንዲመለስልኝ፣ ጥፋቱ የአኒሊንግ ነው ተብሎ የተሰጠኝ ምላሽም በጽሑፍ እንዲሻርልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከገንዘቡ ይልቅ አጥብቄ የምጠይቀው ግን በመለያው ወረቀት ላይ የሠፈረውን የእሽግ ቁጥር ተከትላችሁ ተመሳሳዩን የገዙ ደንበኞችን በሙሉ እንድታሳውቁ ነው። በእጃቸው ያለውን ቱርኩዋዝ ከመጠቀማቸው በፊት ክር ስበው እንዲፈትኑት፣ የሠሩትንም እንዳይሸጡ ይነገራቸው። በመጋዘናችሁ የቀረው የዚሁ እሽግ ክምችትም ተፈትኖ እስኪለይ ድረስ ሽያጩ እንዲቆም እጠይቃለሁ። ወደፊት ከተለያየ ምንጭ የሚመጡ ዘንጎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ እንዳይታሸጉ ማድረግና ከእያንዳንዱ ጥቅል አንድ ዘንግ መፈተን ደቂቃዎች ብቻ የሚፈጅ ሥራ ነው።

ክራቸው ከጎበጠው 6 ዘንጎች የ3ቱን ቁራጭ፣ የጎበጡትንና የቀኑትን ክሮች እያንዳንዳቸውን ለይቼ ምልክት አድርጌ፣ ለሁለት የተከፈለውን ዶቃና የመለያውን ወረቀት ፎቶግራፍ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። የቀሩትን 3 ዘንጎችና በፖላራይዘር የተፈተነውን ጠፍጣፋ ግን ጉዳዩ እልባት እስኪያገኝ ድረስ እኔው ዘንድ አቆያቸዋለሁ። ደብዳቤው በደረሳችሁ በ15 ቀናት ውስጥ፣ የላክሁላችሁን ናሙናዎች ራሳችሁ ፈትናችሁ ከነውጤቱ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ዶቃ ሠሪ ደንበኛችሁ