ያቺ የ0.9 መስመር

ወንድሜ፣ እንዴት ከረምክ?

አራት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ሲቸግረኝ ብቅ ማለቴ እንደሚያናድድህ አውቃለሁ፣ ተናደህ ስትጨርስ አንብበው። ፔፐራችን ላይ ስላለው የስም ቅደም ተከተል ያን ቀን የተናገርኩህ እስከዛሬ ያሳፍረኛል፣ ያልደወልኩትም እሱን አፍሬ ነው እንጂ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ይቅርታ። የቀረውን ስንገናኝ እናወራዋለን።

አሁን ለማዕረግ ዕድገት ፋይል እያዘጋጀሁ ነው፣ የፔፐር ዝርዝር፣ ሳይቴሽን (ስንት ጊዜ እንደተጠቀስኩ)፣ ኤች ኢንዴክስ ምናምን አምጣ ተባልኩና ጉግል ስኮላሬን ከስንት ጊዜ በኋላ ከፈትኩት። ስሙ ከኔ ጋር የሚመሳሰል ሰው ስለ ዓሣ በሽታ የጻፋቸው ሁለት ጽሑፎች ሁሉ ተለጥፈውብኝ ነበር፣ አወጣኋቸው። ኤች ኢንዴክሴ 14 ነው፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ቢያንስ 14 ጊዜ የተጠቀሱ 14 ፔፐሮች አሉኝ፣ እሱም ለጥቂት፣ አስራ አራተኛው ፔፐር የተጠቀሰው ልክ 14 ጊዜ ነው። ሦስት ዓመት የለፋሁበት የዩኒት ኮሚትመንት (የትኛው ጀነሬተር መቼ ይነሳ የሚለው) ሥራ 9 ላይ ቆሟል፣ ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱት የሚቆጠሩበት አይ 10 ውስጥ እንኳን አልገባም። የኛ የባትሪ ፔፐር ግን ብቻውን 187! ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ በጣም ደስ አለኝ።

ደስታው ሦስት ቀን ነው የቆየው። አንዲት ተማሪ ውጤታችንን ልትደግመው ሞክራ ቁጥሩ አልመጣልኝም ብላ ጻፈችልኝ፣ ልመልስላት ብዬ የድሮውን ኮድ ከፈትኩ። የባትሪው ብቃት የቻርጁ መስመር ላይ 0.9፣ የዲስቻርጁም ላይ 0.9። ያ 90 ፐርሰንት እኮ የራውንድ ትሪፕ፣ የመግባቱና የመውጣቱ አንድ ላይ፣ ነበር! 100 ኪሎዋት ሰዓት አስገብተን 90 መውጣት ሲገባው 81 ነው ያወጣነው። በየጎኑ 0.949 ገደማ መሆን ነበረበት። ያን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ጠይቀኸኝ «አይቼዋለሁ» ያልኩህም እኔ ነኝ፣ አላየሁትም ነበር።

ከባትሪው ጋር ያወዳደርነውን ፓምፕድ ሃይድሮ (ውሃ ወደ ላይ ገፍቶ ኃይል የሚያከማቸውን) ደግሞ በትክክል 80 ሰጥተነዋል፣ ስለዚህ ባትሪው ከሱ እኩል የሚያባክን መስሎ ታየ። ሌሊቱን ሞዴሉን እንደገና ሮጥኩት። የ10 ሰዓቱ ማከማቻ ላይ ውሃው አሁንም ያሸንፋል፣ የ4 ሰዓቱ ላይ ግን ተገለበጠ፣ ባትሪው ይቀድማል። የመደምደሚያችን ግማሹ ሄደ ማለት ነው።

ከዛ የጠቀሱንን ሰዎች ማንበብ ጀመርኩ፣ እንቅልፍ የነሳኝ ይሄ ነው። አብዛኞቹ መግቢያቸው ላይ ከስድስት ሰባት ሥራ ጋር ጠቅልለው «ማከማቻ ያስፈልጋል» ለማለት ነው የጠቀሱን፣ እነሱ አያሳስቡኝም። ሰባቱ ግን ቁጥራችንን እንዳለ ወስደው የራሳቸው ሞዴል ውስጥ ከተውታል፣ አንዱማ ለሙሉ ግሪድ እቅድ። ሂርሽ በ2005 ያመጣው ኢንዴክስ ሁሉንም እኩል ነው የሚቆጥረው፣ አምኖን የተሳሳተውም ለኔ አንድ ሳይቴሽን ሆኖ ተመዝግቧል፣ ያንን ፋይሌ ውስጥ አስገብቼ ዕድገት መጠየቅ አልቻልኩም።

የእርማት ማስታወቂያ ጽፌያለሁ፣ ያላንተ ፈቃድ ግን አልልከውም። ስህተቱ የመጀመሪያው ደራሲ፣ የኔ፣ መሆኑን በግልጽ አስቀምጫለሁ፣ ስሜ ከፊት ይሁን ብዬ የተሟገትኩት እኔ አይደለሁ? እርማቱ የራሱ ዲኦአይ (የጽሑፍ መለያ ቁጥር) ኖሮት ከፔፐሩ ጋር ይያያዛል፣ ግን ፒዲኤፉን ድሮ ያወረደ ሰው አያየውም፣ ለሰባቱ በየስማቸው ልጽፍላቸው ነው። ኤዲተሩ እርማት አይበቃም፣ ፔፐሩ ከነጭራሹ ይነሳ ሊልም ይችላል። እኔ 13 እሆናለሁ፣ ይሁን። አንተ ግን... እንዴት ልበልህ፣ ፕሮፋይልህን ሳልነግርህ ገብቼ አየሁት፣ ያንተም ትልቁ ፔፐር እሱ ነው። በዚህ ሰዓት ምን እንደምታመለክት፣ ምን እንደሚጎዳብህ አላውቅም፣ ንገረኝ።

ያቺን ሁሉን ነገር ኤክሴል ላይ በእጅ ካልደገምኩ አላምንም የምትል አመልህን አሁን አምጣት፣ ያኔ ብሰማህ ኖሮ እዚህ አንደርስም ነበር። ኮዱን ከነአዲሱ ውጤት አያይዣለሁ፣ መስመር 212 ነው። ተማሪዋ ደግሞ መልስ እየጠበቀች ነው፣ ለሷ ቢያንስ ዛሬ ማታ ትክክል ነሽ ብዬ እጽፍላታለሁ።

ወንድምህ